ፀሐይ ያጋለጠችው ቀለም

«እጅሽን ከኪስሽ እንዳታወጪ።»

በምሥጢር ስሙ መልህቅ የሚባለው የስለላ ተቆጣጣሪዋ ይህን ሲል ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። በናሚቢያው የዋልቪስ ቤይ ወደብ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ሜሜ፣ እማማ፣ ከሚላት ሥጋ ጠባሽ ከሎይዴ ምድጃ አጠገብ ቆሞ የተጠበሰ ሥጋ በሚጥሚጣ እያጠቀሰ ይበላል።

የወደቡ ሰው ፔኔን የሚያውቃት ሂልያ በሚል ስም፣ በመጋዘን ጽዳት ሠራተኛነት ነው። የስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን በምሥጢር ስም «ጨው» ይላታል። ጥፍሯ ላይ ያለው ቀለም አልባ ቅብ ለውበት አልነበረም። ብርሃን ሲያገኝ የሚነቃ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ የመርዝ ጋዝ መሥሪያ ኬሚካል ትነት ከነካው ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ጥፍሮቿን አየች።

ሰማያዊ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«ላንተ ብቻ።»

«ደግ አደረግሽ። አስለቅቂውና መጋዘኑ ንጹሕ ነው በይ። ባለቤቱ ውለታ አይረሳም።»

መልህቅ ለመጋዘኑ ባለቤት ተሸጧል።

«እምቢ ብልስ?»

መልህቅ አፉን ጠረገ። ሁለት የመጋዘን ዘበኞች ከኋላዋ ክንዷን ያዙ።

«ምን አደረገቻችሁ?» ሜሜ ሎይዴ ጮኸች። የፔኔ አከራይ ናት፤ ማታ ማታ «ካልበላሽ አልተኛም» የምትላት። «ልቀቋት! ልጄ ናት!»

«አንቺ አሮጊት፣ ሥጋሽን ጥበሺ!» አለ አንዱ ዘበኛ።

ሎይዴ ምድጃውን ከነፍሙ ገለበጠችባቸው፤ የፔኔን ክንድ ለቀቁ።

«ሩጪ፣ ሂልያ!»

ሮጠች። ዞር ስትል ሎይዴ መሬት ላይ ነበረች፤ ዱላው ይወርድባታል።

መመለስ አልቻለችም።

በዓሣ መኪና ጎረቤት ከተማ ስዋኮፕሙንድ ገባች። መልህቅን ዘላ ለአለቃው ደወለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው ጥፍሯን አዩ። ሳይመሽ መጋዘኑ ተከበበ፣ መርዙም ተያዘ። መልህቅ በካቴና ሄደ።

«ሴትየዋስ?» አለች ፔኔ።

«እግሯ ተሰብሯል። ትድናለች» አለ አለቃው።

«አንዴ ልያት።»

«ሂልያ የምትባል ሰው የለችም፣ ጨው። የሌለ ሰው በሽተኛ አይጠይቅም።»

ወራት አለፉ። ፔኔ በዋና ከተማዋ በዊንድሁክ ታክሲ ውስጥ ተጣብባ ተቀምጣለች፤ ሬዲዮ የጠፉ ሰዎችን ያፋልጋል። ድንገት የሎይዴ ድምፅ መጣ።

«ልጄ ሂልያ፣ በሕይወት ካለሽ ድምፅሽን አሰሚኝ። ክፍልሽን አላከራየሁትም።»

«አይ እናት!» አለ ሾፌሩ። «ጨካኝ ልጅ ናት መቼም። አይደል እህቴ?»

«ናት» አለች ፔኔ።

የሚቀጥለው ማቆሚያ ላይ ወርዳ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች።