እርጥቡ አንገትጌ

የእንጨት መጋዘኑ ሽማግሌ ዘበኛ ከበሩ ሥር ተዘርረው ሞተዋል፤ ደረታቸው ላይ ደግሞ ውሻቸው ጋራው ተኝቷል። ጋራው ቡልማስቲፍ የሚባል ግዙፍ የውሻ ዘር ነው፤ ጭንቅላቱ የመኪና ሞተር፣ አፍንጫው ከሰል፣ ግንባሩ የሰባት ትውልድ ሐዘን የታጠፈበት። ሲያዛጋ የሦስት መንደር ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

«አባቴን በላው! አሁኑኑ ይገደልልኝ!» አለ የሟች ልጅ፣ አናጢው።

መርማሪዋ ከፎቅ ላይ ሆና የጉንዳን ማነከስ የምታይ ሴት ናት። «ረጋ በል ወንድሜ። መቼ መጣህ?»

«ጋሼ ሲደውሉልኝ» አለ ወደ መጋዘኑ ባለቤት እየጠቆመ።

«እኔ ስደርስ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር» አሉ ባለቤቱ። «ጠዋት ክፍት ትቼው ነው የሄድኩት።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። የሟች ጣቶች የውሻውን ማሰሪያ ጨብጠዋል፤ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። የኮታቸው አንገትጌ በለሃጭ ርሷል፤ አንገታቸው ግን ጭረት እንኳ የለውም። ከውሃው በርሜል እስከ በሩ የተረከዝ መስመር ተሰምሯል። በሩ ከውስጥ ተቧጥጧል፤ የጋራው ጥፍሮች ደምተዋል። ከበሩ ውጭ ምሳ ዕቃ ተገልብጧል።

ውሻውን ሊገድል ጠመንጃ ይዞ የመጣው ፖሊስ ሳይቀር ሁሉንም በጣውላው ክምር ዙሪያ ሰበሰበች።

«ይህን ዘር ያራቡት የጥንት ደን ጠባቂዎች ናቸው፤ ሌባ ጥሎ እንዲይዝ እንጂ እንዲቦጭቅ አይደለም። ቢቦጭቅማ ኖሮ አጥንት ነበር የምንለቅመው! አባባ ውሃ ሊቀዱ ሄደው ልባቸው ከዳቸው። ጋራው አንገትጌያቸውን ይዞ ሰው ወዳለበት፣ ወደ በሩ ጎተታቸው።»

«ታዲያ ማን ቀረቀረው?» አሉ ባለቤቱ።

«ምሳ ይዞ የመጣው ሰው። ምሳቸውን ማን ነበር የሚያመጣላቸው?»

ባለቤቱ ቀስ ብለው ወደ አናጢው ዞሩ።

«አፉ አባቴ አንገት ላይ ነበር» አለ ልጁ። «የሚበላው መሰለኝ። ምሳውን ጥዬ በሩን ቀረቀርኩና ጠመንጃ ፍለጋ ሮጥኩ። በሩን ሲቧጥጥ ይሰማኝ ነበር... እህቴ፣ ያኔ አባቴ ነፍስ ነበረው?»

መርማሪዋ ያላቀቀቻቸውን ጣቶች አየች።

«ማሰሪያውን የጨበጡት ጋራው በሩን ቧጥጦ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ የሞተ ሰው አይጨብጥም» አለች በቀስታ።

ፖሊሱ ጠመንጃውን አወረደ። አናጢው እንደተገነደሰ ግንድ አፈር ላይ ወደቀ።

ጋራው ሰዎቹ ከደረሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሟች ደረት ላይ ተነሣ። በደማው እግሩ እያነከሰ መጣና የልጁን አንገትጌ በጥርሱ ያዘ፤ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው በስሱ። ከዚያም ወደ በሩ ይጎትተው ጀመር።

በሩ አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል።