ሳይፈስ የቀረው ቤንዚን

ሁልጊዜ የሚዘጋውን የቤንዚን መዝጊያ፣ ነጂው በሞተበት ቀን ማን ከፈተው? መቶ አለቃ አምሐ ከቆርቆሮዋ ቤት ደጃፍ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲመለከት መልሱን አያውቅም ነበር። ጊዜው ጥቅምት 1972 ዓ.ም.፣ ዕለቱ እሑድ ጠዋት፣ ቦታው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የመሥሪያ ቤት መልእክተኛ የነበረው ተክለሃይማኖት ከመንግሥት ሞተር ብስክሌቱ ጎን ተዘርግቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል። ሚስቱ ተሻለች «ፖሊስ ሳያየው አይነሣም» ብላ በሩ ላይ ተቀምጣ አድራለች።

ጥያቄውን ለአምሐ ያቀበለችው እሷ ናት።

«መዝጊያው ክፍት ነው፤ እዩት» አለች። «ተክሌ ከፍቶት አይተወውም። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ይዘጋውና ካርቡራተሩ ውስጥ በቀረችው እዚህ ይደርሳል። ሰፈሩ ‹ተክሌ የሚነዳው በቤንዚን ሽታ ነው› እያለ ይስቅበት ነበር።»

«ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

«ኪሱ ውስጥ ፖስታ ነበረ። ከትናንቱ የቀበሌ ስብሰባ በፊት ሲከተው አይቻለሁ። አሁን የለም።»

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ፍቅሬ ከኋላ ሳቅ አለ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሐዘንተኛ ብዙ ያያል። ነገሩ ግልጽ ነው። ካርቡራተሩ ያፈሳል፤ ትናንት ወለሉ በቤንዚን ታጥቦ ነበር። በሩን ዘግቶ ሲነካካ ሽታው አዞረው፤ ወደቀና እዚያ ያለው ድንጋይ ራሱን መታው። ሐሙስ ዕለት ‹ጠገንኩ› ያለው ሜካኒክ ዳባ ነው። በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር! ትናንትናውኑ አስረነዋል።»

አሻጥር። አምሐ ስድስት ዓመት ቼኮዝሎቫኪያ ተምሮ ሲመለስ፣ ማስረጃ የማይረታው ሰው የለም ብሎ ነበር። በተመለሰ በሁለት ዓመቱ ግን በዚያች አንዲት ቃል ሄደው የቀሩትን ሰዎች መቁጠር ትቷል።

ዳባን ቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ሞተሩ ያፈስ ነበር?»

«እስከ ሐሙስ አዎ ጌታዬ... ይቅርታ፣ ጓድ።»

«እንደፈለግህ ጥራኝ። ምን ሆኖ ነበር?»

«ካርቡራተሩ ሥር ጽዋ የመሰለች አለች። እዚያ ውስጥ ቤንዚን ላይ የምትንሳፈፍ የነሐስ ዕቃ አለች፤ ሲሞላ ከፍ ትልና መግቢያውን በመርፌ ትዘጋዋለች። ሌላ ሜካኒክ ‹መርፌው አልቋል፣ ቀይረው› ብሎት ነበር። እኔ ተንሳፋፊዋን አውጥቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት። ውስጧ ይንቦጫረቃል! ተበስታ ቤንዚን ጠጥታለች። የሰመጠች ምን ትዘጋለች?»

«ቀዳዳውን እንዴት አገኘኸው?»

«ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኳት። አረፋ የወጣበትን በየድኩ። መልሼ ነከርኳት፤ አረፋ የለም።» ዳባ ጣቶቹን አየ። «ይህች እጅ የበየደችው አያፈስም። ግን እኔን ማን ይሰማል?»

«እኔ። ዛሬውኑ አስወጣሃለሁ።»

ቃሉ ገና ከአፉ ሲወጣ አምሐ ራሱን ታዘበው። በምን ሥልጣኑ ነው እንዲህ የሚምለው?

ወደ ግቢው ሲመለስ ቀጭን እንጨት በሞተሩ ቤንዚን መያዣ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ሰደደ፤ እስከ አንገቱ ረጥቦ ወጣ። ተሻለች ዓርብ ዕለት በኩፖን እንደተሞላ ነገረችው። ካርቡራተሩ ሥር ነጭ ሲኒ አስቀመጠና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የግቢው ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት የታክሲ ሾፌር ጋሽ ሀብተማርያም፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ፈረንጅ አገር ወለል ማሽተት ነው ያስተማሩህ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከሟች ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«የጠላሁት ሽታውን ነው እንጂ እሱን አይደለም። ከሐሙስ ወዲህማ ሽታውም ጠፍቶ ነበር።»

«ታክሲዎ ቤንዚን አላት?»

«ጾመኛ ናት! ቤንዚን ከቀመሰች ስምንት ወሯ።»

አምሐ ሄዶ አያት። በድንጋይ ላይ ቆማለች፤ የቤንዚን መሙያዋን ክዳን ሲከፍት የሸረሪት ድር ተቀበለው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ስብሰባ ነዋ! ከመልእክተኛ በቀር ማን ይቀራል? ከተሻለች ጎን ነበርኩ። ጓድ ፍቅሬ ድምፅ ማጉያ ላምጣ ብሎ በቀበሌው ጂፕ ሄደ፤ እኛ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስናጨበጭብ ቆየን።»

«ለማን?»

«ለወንበሩ።»

«ስለ ፖስታውስ የሚያውቁት አለ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አዩ። ከዚያ ዞረው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ስድስት ሰዓት ላይ አምሐ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ። ተሻለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጋሽ ሀብተማርያም በርጩማ ላይ፣ ጓድ ፍቅሬ በሁለት ጠባቂዎች መሐል።

አምሐ ሲኒውን አነሣ። «መዝጊያው ከትናንት ጀምሮ ክፍት ነው። ካርቡራተሩ ቢያፈስ ሰልባትዮው ባዶ ይሆን ነበር። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ሲኒውም ደረቅ ነው።»

«ወለሉ ግን በቤንዚን ታጥቦ ነበር» አለ ፍቅሬ።

«አዎ። በየትኛው ቤንዚን?» አምሐ የጋዜጣ ቁራጭ ዘረጋ። «ይህ ሞተር ብስክሌት ያለ ዘይት አይሄድም፤ ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ተቀላቅሎ ነው የሚሞላው። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነቱን ነድቻለሁ። ይህን ጠብታ ከሰልባትዮው የወሰድኩት ጠዋት ነው። ደርቋል፤ ቅባቱ ግን አለ። ወለሉንም እዩ። ካርቡራተሩ ሥር የጠቆረች፣ አቧራ የያዘች የቅባት ነጥብ አለች፤ እስከ ሐሙስ ያፈሰሰው ያ ነው። ትናንት ቤቱን ያጥለቀለቀው ግን ቅባት ሳይተው ደርቋል። የሟች እጅጌም እንዲሁ። ንጹሕ የመኪና ቤንዚን ነው።»

አምሐ የጋዜጣውን ቁራጭ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ገዳዩ ሞተሩ እንደሚያፈስ ሰምቷል። ተክለሃይማኖትን ከኋላ መትቶ ሲያበቃ መዝጊያውን ከፈተና እስኪፈስ ጠበቀ። አንድ ጠብታ የለም! ዳባ በደንብ ጠግኖታል። ስለዚህ የሚያፈሰውን ራሱ ማምጣት ነበረበት። መኪና እንጂ ሞተር ብስክሌት የማያውቅ ሰው ስለሆነ ዘይቱን አላሰበም። በዚህ አካባቢ መኪና ያለው ማን ነው? የጋሽ ሀብተማርያም ታክሲ ደርቃለች፤ እሳቸውም ከስብሰባው አልተነሡም። የቀረው የቀበሌው ጂፕ ነው። ጂፑን ይዞ ግማሽ ሰዓት የጠፋው አንድ ሰው ነው።»

ፍቅሬ ቀስ ብሎ አጨበጨበ። «ጥሩ ትምህርት ነው። ግን ተክሌን ምን በወጣኝ እገድላለሁ?»

አምሐ የጠበቀው ይህን ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን በእሱ እጅ አልነበረም። በርጩማዋ ጮኸች። ጋሽ ሀብተማርያም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ፖስታው ውስጥ የነበረው አቤቱታ ነው። ያለ ጥፋታቸው ስላሰርካቸው ልጆች። አሥራ ሁለት ሆነን ፈረምን፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተክሌ ወደ በላይ ሊያደርስልን ነበር። ፖስታውን ከወሰድክ ስሜን አንብበኸዋል፤ ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ?»

ተሻለች አንገቷን ቀና አድርጋ ፍቅሬን አየችው። ፊቱን ያዞረው እሱ ነው።

«ሽጉጥህን» አለ አምሐ እጁን ዘርግቶ።

ሁለቱ ጠባቂዎች ተያዩ። ፍቅሬ ሽጉጡን አወጣና አምሐ መዳፍ ላይ አኖረው፤ ፈገግታው አልጠፋም።

«ያዝልኝ። ሰኞ ትመልስልኛለህ።»

«ዳባን አምጡት» አለ አምሐ ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ።

አንደኛው መሬት መሬት አየ። «ዳባ የለም፣ ጓድ መቶ አለቃ። አራት ሰዓት ላይ ወደ በላይ ወስደውታል። ትእዛዙን ጓድ ፍቅሬ ፈርሞት ነበር።»

አምሐ ተንበርክኮ ሲኒውን ሲያይ በነበረበት ሰዓት መሆኑ ነው።

እዚያው ቆሞ ጻፈ፦ «በአሻጥር ተጠርጥሮ የተላከው ሜካኒክ ዳባ ንጹሕ ነው። ማስረጃው በእጄ ነው። እንዲለቀቅ አሳስባለሁ። ስለ መድረሱ መልስ እፈልጋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን የወሰደው የተክለሃይማኖት ምትክ ነው፤ በዚያው ሞተር ብስክሌት። ከሰዓት ተመልሶ «አድርሻለሁ፤ ጠብቁ ብለዋል» አለና ሞተሩን ፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ሥር አቆመው። መዝጊያውን አልዘጋውም፤ የዳባ ጥገና ግን ጠብታ አላሳለፈም። ማክሰኞም አላፈሰሰም። በሳምንቱም፣ በወሩም አምሐ በመስኮት ቁልቁል እያየ ጠበቀ፤ ከሞተሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ እንደ ደረቀ ነው፣ ከበላይም አንዲት ቃል አልመጣችም።