ክብደት ከነሾፌሩ

ልጄ ያንን ሰው ያወቀችው በአንድ ኪሎ ጉድለት ምክንያት ነው።

ሥራዋ ከከተማው መውጫ ላይ ባለው የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ ነው። ቀኑን ሙሉ እህል፣ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪኖች ሚዛኑ ላይ ይወጣሉ፤ እሷ ቁጥሩን አንብባ ወረቀታቸው ላይ ማኅተም ትመታለች። ሾፌሮቹ ቢለምኗትም ቢቆጧትም አትሰማም። «አንቺ ልጅ፣ ልብሽም ከብረት ነው እንዴ የተሠራው?» ሲሏት «ተመዝኖ አያውቅም» ብላ ወረቀታቸውን ትሰጣቸዋለች። የመኪና እሽቅድድም ክበብ ሰዎች በወር አንድ እሁድ መጥተሽ መዝኚልን ብለው የለመኗት ለዚህ ጠባይዋ ነው።

እሽቅድድም የሚለውን ስሰማ አይሆንም አልኳት። አባቷን የወሰደብኝ መኪና ነው። ጠዋት ጫማውን አስሮ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጫማውን ሌላ ሰው በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ ተከተልኳት።

የዳኞቹ ድንኳን ውስጥ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ዋናው ዳኛ አየኝና «እትዬ፣ ጽሕፈትዎ እንዴት ነው?» አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጽሕፈቴም ይነበባል። መዝገቡን ሰጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

መኪኖቹ እንደፈራሁት ጎን ለጎን አይጋፉም። አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ የሚሽቀዳደሙት ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። ሁሉም በየምድቡ ነው። አንደኛው ምድብ ከፋብሪካ እንደወጡ ላሉ፣ ሰዎች ሰኞ ሥራ ለሚሄዱባቸው መኪኖች ነው። ሁለተኛው ጎማና ወንበር ለቀየሩ፣ ሞተራቸውንና አካላቸውን ግን ላልነኩ። መኪናው ቀልሎ እንዲፈጥንለት መስታወቱን በፕላስቲክ የለወጠ፣ በሩን የቦረቦረ፣ ያሻውን ያደረገ ሁሉ ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። የሁለተኛው ምድብ መኪና ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ፣ ነዳጁ ተሞልቶ፣ ከነሾፌሩ ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ማነስ የለበትም። ካነሰ ሰዓቱ ይሰረዛል።

ያ ልጅ በመጀመሪያው እሁድ ሲመዘን አንድ ሺህ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ።

ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ትከሻው በር ስለሚሞላ ጓደኞቹ ጠብደል ይሉታል። ባዶ መኪናው ለምዝገባ ጠዋት ሲመዘን አንድ ሺህ ሰባት ነበር፤ እሱ ከነሄልሜቱ ዘጠና ሁለት ኪሎ መሆኑ ነው።

«አንድ ኪሎ ጎድለሃል። ሰዓትህ ተሰርዟል» አለችው ልጄ።

«አንድ ኪሎ እኮ ስኳር ናት፣ እህቴ።»

«ስኳር ከሆነች ከሱቅ ገዝተህ መምጣት ነበረብህ።»

«አሁን ብገዛስ?»

«አሁንማ ሻይህን ታጣፍጥባታለህ።»

ከኋላው የተሰለፉት ሳቁበት። እሱም ሳቀ። በሚቀጥለው ወር አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ መጥቶ መዝገቤ አጠገብ አስቀመጠና «ያለፈው ወር ጉድለት ነው፤ ይጽፉልኛል፣ እትዬ?» አለኝ። መኪናው ወለል ላይም አምስት ኪሎ ብረት በብሎን አስሮ ነበር። እንዲህ ዓይነት ማሟያ ብረት እስከ አሥራ አምስት ኪሎ ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል።

ሚዛኑ ላይ ያለ ሾፌር መንቀሳቀስ የለበትም፤ ቢስቅ እንኳ ቁጥሩ ይንቀጠቀጣል። ልጄ ቁጥሩ እስኪረጋ ትጠብቃለች። የሌላው ሰው ቶሎ ይረጋል። የእሱ አይረጋም።

«አትሳቅ።»

«አልሳቅኩም። ልቤ ነው።»

«ልብህን አስቁመው።»

«አንቺ ዞር ብትዪ ይቆማል።»

እሷ ግን አትዞርም። ቁጥሩን ትታ እሱን ታያለች፤ እኔ ብዕሬን ይዤ እጠብቃለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ስታይ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ፍሪጃችንን ሊጠግን መምጣት ጀመረ። ፍሪጃችን ምንም አልሆነም ነበር። በሦስተኛው ጊዜ መፍቻውን ሳያወጣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ልጅዎን ማግባት ነው የምፈልገው።»

«መኪናውን ስትሸጥ ና።»

«የዓመቱ ስድስት ውድድር ይለቅና እሸጠዋለሁ።»

«እስከዚያ ብትሞትስ?»

«እማ» አለችኝ ልጄ።

እሱ ግን አልተቆጣም። መሬት መሬት አይቶ «እዚያ መንገድ ላይስ አልሞትም» አለ። ጉራ መሰለኝ። ሰው ሞትን እንዲህ በአፉ ሲያስጠጋው አልወድም፤ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ እሁድ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሜ መኪናው ዘንድ እገኝ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ቀበቶውን በእጄ ስቤ አያለሁ። የእሳት ማጥፊያው ቀን እንዳላለፈበት አነባለሁ። ጎማው ላይ ጣቴን እሰድዳለሁ፤ ሾፌሮቹ «አዲሷ መርማሪያችን» እያሉ ያሾፉብኛል። መኪናው ከኮረብታው ጀርባ ዞሮ ድምፁ ሲጠፋ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲመለስ እተነፍሳለሁ። ያ ሁሉ ጥንቃቄዬ መኪናው ላይ ነበር።

«ከሳህ» ያልኩትማ አንድ ቀን ነው።

«የልጅዎ ጭካኔ ነው፣ እናቴ።»

ሳቅኩና ተውኩት። በየሳምንቱ የሚያዩት ሰው መክሳት ለዓይን አይገባም። ደግሞ የሚነዳበት ቱታ ድንኳን ያህላል፤ ከውስጡ ሁለት ሹራብ ይደርባል። ይበርደኛል ይል ነበር።

አምስተኛው ውድድር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ልጄ መዝገቤን ገልጣ ቁጭ አለች። ራቷንም አልነካች።

«እማ፣ ይህን ተመልከቺ። በሁለተኛው ወር አምስት ኪሎ ብረት ጨመረ። በአራተኛው ሌላ አምስት፣ በአምስተኛው ሌላ አምስት። ድምሩ ግን ያው ነው። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሦስት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ አንድ፣ አሁንም አንድ ሺህ አንድ መቶ አንድ። የጨመረው ብረት የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ከመኪናው ላይ የሚፈታው ነገር አለ ማለት ነው። በሩን ከውስጥ ቦርቡሮታል። መኪናው ሦስተኛ ምድብ ሆኖ ሁለተኛ ውስጥ እየነዳ ነው። ብረቱን የሚጭነው ያንን ሊሸፍን ነው።» ፊቷን በእጇ ያዘች። «ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የሚዋሸኝ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ብደብቅ ይሻለኝ ነበር። ደስ አለኝ። አታላይ ከሆነ ትተወዋለች፤ ከተወችው ደግሞ እኔ የሌላ ሰው ጫማ በፌስታል አልቀበልም አልኩ በልቤ።

ስድስተኛው እሁድ የመጨረሻው ነበር። ያ ልጅ በዓመቱ ውስጥ በምድቡ ማንም ያልደረሰበትን ሰዓት አመጣ። ጓደኞቹ መኪናውን እየደበደቡ እያጨበጨቡ ሚዛኑ ላይ አስገቡት። እሱ ሄልሜቱን አላወለቀም። ልጄም አልሳቀችም፤ ቁጥሩ በአንዴ ረጋ።

«አንድ ሺህ ዘጠና ስድስት» አለች።

ጭብጨባው ቆመ። ዋናው ዳኛ ቀረብ ብሎ ወለሉን አየ። አሥራ አምስቱም ኪሎ ብረት ታስሮ ነበር፤ ከዚያ በላይ መጨመር አይቻልም።

«ሰዓቱ ይሰረዝ» አለ ዳኛው።

«ይሰረዝ፤ ግን መኪናውም ይመርመር» አለች ልጄ። ድምጿ የሚዛን ጣቢያው ድምፅ ነበር። «ክብደቱ በየወሩ ነው የሚቀንሰው። ባዶው ይመዘን።»

ያ ልጅ በመስኮቱ አያት። «አያስፈልግም» አላት በቀስታ። «ሦስተኛ ምድብ ብላችሁ ጻፉኝና ልሂድ።»

«ምኑን ፈታኸው?»

«የፈለግሽውን ጻፊ፤ እፈርማለሁ።»

«የፈለግኩትን አልጽፍም። የሆነውን ነው የምጽፈው። ውረድ።»

ወረደ። የመኪናውን ጣራ ይዞ ነው የወረደው። ልጄ ወደ ቁጥሩ ዞረች። ሁላችንም ዞርን።

አንድ ሺህ ሃያ ሁለት።

ዳኛው መዝገቤን ሳበው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በእኔ ጽሕፈት፣ አንድ ሺህ ሰባት ይላል። አሥራ አምስት ሲጨመርበት አንድ ሺህ ሃያ ሁለት ነው። ከመኪናው ላይ አንዲት ብሎን አልተፈታችም ነበር።

«መኪናው ትክክል ነው» አለ ዳኛው ግራ ተጋብቶ። «ታዲያ የቀነሰው ምንድን ነው?»

እኔ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከጠቅላላው ክብደት የመኪናውን ቀነስኩ። ሰባ አራት። በየወሩም ቀነስኩ። ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አንድ፣ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ አራት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ አራት። ሁሉንም በእጄ የጻፍኳቸው እኔ ነበርኩ። ቀና ስል ልጄ ያለ ወረቀት ቀንሳ ጨርሳለች። ፊቷ ላይ ደም አልነበረም።

እሱ ከድንኳኑ ጀርባ ጎማዎቹ ክምር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ተከተለችው። በመካከላችን ሸራ ብቻ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከሁለተኛው ወር። ሆዴ ውስጥ ነው። ቆርጠው ሊያወጡት አይችሉም አሉኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስነግርሽ ሌላ ዓይን ታወጫለሽ። እኔ የወደድኩት ያንን ዓይንሽን ነው፤ አንድ ኪሎ የማያሳልፈውን።»

«በሰው ፊት ሌባ አደረግኩህ እኮ።»

«ሌባ ብባል ይሻለኝ ነበር። ሌባ አንድ ቀን ይፈታል።»

ሸራውን ገልጬ ማየት ይቻለኝ ነበር፤ አልገለጥኩም።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። እኔ ግን ስፈራ የኖርኩት ሌላውን ነበር።

ልጄ በማግስቱ «እማ፣ አሁኑኑ ላገባው ነው» አለችኝ። በሃያ ስድስት ዓመቷ ጥቁር ስትለብስ ታየኝ። ባል መቅበር ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚነግራት አልነበረም፤ ነገርኳት፣ አልሰማችኝም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሳትሰማ ወደ እሱ ሄድኩ። ልጄን ልቀቅልኝ ልለው ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ ቃሉን እየደጋገምኩ አጠናሁት።

አንዲት ክፍል ናት ቤቱ። ሦስት የተበላሹ ፍሪጆች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። አንዱን ከፍቶ፣ መሬት ተቀምጦ ሽቦ ይቀጥል ነበር። ያለ ቱታው ሳየው ይቀመጡ ሳይለኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻው የሌላ ሰው ነበር።

«ለምን እንደመጡ አውቃለሁ፣ እናቴ» አለኝ። «አይጨነቁ፤ አላገባትም። ዛሬ እነግራታለሁ። ከእንግዲህ የምሰጣት ነገር የለኝም። ሌላ ሰው ታገኛለች።»

ልሰማ የመጣሁት ይህንኑ ነበር። አንድም ሳይቀር። አመሰግናለሁ ብዬ መነሣት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ግን የልጄ አባት ታወሰኝ። አብረን የኖርነው አራት ዓመት ነው። ሰው ቀድሞ መጥቶ አራት ብቻ ነው ቢለኝ አልፈልግም እል ነበር ወይ?

«አንተ ማን ነህና ነው ለልጄ የምትወስነው?» አልኩት። ድምፄ አስደነገጠኝ።

«እኔማ ለእሷ ብዬ…»

«ለእሷ ለእሷ አትበልብኝ። እኔ ነበርኩ ለእሷ የምለው፣ ይኸው ስንት ወር አቃጠልኩባችሁ። ሸሚዝ አለህ?»

«የምን ሸሚዝ?»

«ማዘጋጃ ቤት የሚለበስ ሸሚዝ ነዋ። ይህን ለብሰህ ልትፈርም ነው?»

ሽቦውን እጁ ላይ እንደያዘ አቀረቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ወርጄ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈረሙ። ሸሚዙን እኔ ጎኑ ላይ በሁለት በኩል አጥብቤ ሰፋሁት፤ ያም ሆኖ ሰፋው። ዋናው ዳኛ ምስክር ሆነ። ክበቡ ውስጥ ያሉት ሁሉ የተሰረዘውን ሰዓት ይመልሱለት ብለው ዳኛውን ሲለምኑት ሰምታ ልጄ «ሕግ ሕግ ነው፤ አራት ኪሎ ጎድሎታል» አለች። እሱ እስኪያስለው ሳቀ። እንዲያ ስትል ለመስማት ብቻ ያገባት ይመስል ነበር።

አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ኖሩ። ሐኪም ቤቱ አቅራቢያ ክፍል ተከራዩ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሾርባ እወስዳለሁ። አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ቆሜ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው፤ እሱ የሆነ ነገር ይላል፣ እሷ «ተወኝ በእናትህ» እያለች በሳቅ ትንፈራፈራለች። እጄን ለማንኳኳት አንሥቼ ነበር። ሾርባውን በሩ ደፍ ላይ አስቀምጬ በጫፍ እግሬ ተመለስኩ፤ ያን ቀን ምንም ሳልፈራ ቤቴ ደረስኩ።

ያረፈው ረቡዕ ጠዋት ነው። ስልኩ ሲጮህ ልብስ አጥብ ነበር። ልጄ አላለቀሰችም። ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«እማ፣ ዛሬ ሥራ አልገባም። ሚዛን ጣቢያው ሄደሽ ንገሪልኝ። ስልካቸው አይነሣም።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ስትተነፍስ እሰማታለሁ።

«ባሏ ሞቷል በያቸው።»

እጄን አደራርቄ ወጣሁ። ሚዛን ጣቢያው ጋ ስደርስ የተጫኑ መኪኖች እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰልፈው ክላክስ ይነፋሉ፤ ሠራተኛዋ የት ሄደች እያሉ ይቆጣሉ። ከፊት የነበረው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እትዬ፣ ያቺ ልበ ብረት ዛሬ የለችም እንዴ?» አለኝ።

«የለችም» አልኩት። «ባሏ ሞቶባት ነው።»

ሰውየው ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው ያለውም አጠፋ። አንድ በአንድ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ ሁሉም አጠፉ።