አምስተኛው ትራክ ላይ ያለው ሰውዬ

እኔ በመንፈስ፣ በዛር፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ድምፅ ከጠፋ ኬብል ነው፣ ድምፅ ያለቦታው ከመጣም ኬብል ነው፣ አለቀ። ይሄን የምነግራችሁም ቤት ያለውን ኬብል ሁሉ ቀያይሬ ካበቃሁ በኋላ ነው፣ እመኑኝ። ደግሞ አስቀድሜ ልናገር፣ ቀናተኛ ነኝ፤ ባለቤቴን ሰናይትን ግሮሰሪ ውስጥ ገንዘብ ተቀባዩ «ሃኒ» ሲላት እንኳን ፊቴ ይቀየራል፣ ቴክሳስ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሃኒ እንደሚል እያወቅኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው፣ እዚያው ቴክሳስ ሌዊስቪል የምትባል ከተማ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን፣ እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ እሷ ፋርመርስ ብራንች የምትባል ጎረቤት ከተማ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ትሠራለች። በተረፈኝ ሰዓት ሥራዬ ሙዚቃ ነበር፤ ስምንት ትራክ ያለው ዲጂታል መቅጃ ገዝቼ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው እየቀዳሁ፣ ያልወደድኩትን እየቆረጥኩ የወደድኩትን እቀጥላለሁ። ሰናይት የምትዘፍነው፣ ግጥሙም ዜማውም የኔ የሆነ አንድ ዘፈን ነበረ። ድምፅዋ ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር ለኔ ብቻ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ካሴት ላወጣላት ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚያ በሐምሌ ሙቀት፣ ማይኩ እንዳይሰማው ብለን ኤሲውን አጥፍተን፣ ክሎዜቱን፣ ልብስ የምንሰቅልበትን ጠባብ ክፍል፣ ብርድ ልብስ አልብሰን፣ እሷ ልብስ መሃል ቆማ እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀዳኋት። በላብ ተነክራ ወጣች፣ ታጠበችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ሄድፎን አድርጌ አምስተኛውን ትራክ፣ የሷን ድምፅ ብቻ፣ ከፍቼ ኤዲት ማድረግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ አልቆ ዝም የምትልበት ቦታ ላይ ስደርስ ወንድ ያንጎራጉራል።

ቀስ ብሎ ነው፣ ከማይኩ አጠገብ፣ ሲተነፍስ ሁሉ ይሰማል። ጎረቤት ነው አልኩ፣ ጎረቤት ግን የኔን ዜማ ከየት ያውቀዋል? ስትዘፍን ካደረገችው ሄድፎን ያመለጠ ነው አልኩ፣ እዚያ ላይ ደግሞ ኪቦርድ እንጂ የሰው ድምፅ የለም። ኬብል ቀየርኩ። በመጨረሻ ቆረጥኩት፤ ቆርጬ ሳጫውተው ሰውዬው ወደሚቀጥለው ዝምታ ተሻግሮ ያንጎራጉራል፣ የመቅጃው እስክሪን ላይ እዚያ ቦታ ምንም የለም፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ከዚያ እዚያው ትራክ ላይ ሰናይት ሳቀች። እመኑኝ፣ ስንቀዳ አልሳቀችም፣ በሩ ላይ ነበርኩ። ከተጋባን ጀምሮ እኔ እንደዚያ አስቄያት አላውቅም። ፍርሃቱን ተዉት፣ ቅናቱ ነው ያቃጠለኝ።

ስትመለስ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ሄድፎኑን ሰጠኋት።

«ማነው ይሄ?»

ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«ሶ... አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ እንደዚህ እዘፍናለሁ?»

«አይ» አለች፣ ቶሎ አለችው ደግሞ። «እስቲ እንደገና ፕሌይ አድርግልኝ።»

«ታውቂዋለሽ?»

«በእናቴ አላውቀውም። ግን እየው፣ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። አንተ ስትቀዳኝ፣ ማለቴ፣ የማሽኑን መብራት ነው የምታየው።»

 ዓይኗ እያየ ትራኩን ሙሉውን አጠፋሁት። አልተቆጣችም፣ «ኦኬ፣ ነገ እንደገና እንቀዳዋለን» ብላ ልብሷን ልትቀይር ገባች፤ ያ አለመቆጣቷ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

በማግስቱ የማሽኑን መብራት ማየት ትቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ እሷን እያየሁ ቀዳሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ ዝም አለች፣ ሙዚቃው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደርሶ አለፈ፣ እሷ አልገባችም።

«ግቢ እንጂ!» አልኳት።

ወደ እኔ ሳትዞር እጇን አነሳች፣ ቆይ እንደማለት። ከዚያ ሳቀች፣ ያንኑ ሳቅ።

ትራኩን ደጋግሜ አዳመጥኩት፣ ከሷ ድምፅ በቀር ምንም የለበትም፣ ንጹህ ነው። ካሴቱ ወጣ፣ ሰው ወደደው፣ መሃሉ ላይ ያለውን ዝምታ ለምን አልቆረጥከውም የሚሉኝ ግን አሉ። ልቆርጠው ነበር፣ እምቢ ያለችው ሰናይት ናት። እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ስታጫውተው እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፣ እኔ ምንም አይሰማኝም፣ «ምን አለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ማን?» ትለኛለች፣ እየሳቀች።