ያልተቀመሰው ኩላሊት

ኢንስፔክተር ዓይናለም ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ስትደርስ፣ የተገፈፈው በሬ ገና በሥጋ ቤቱ ሠራተኛ በወንዴ ሬሳ ላይ እንደተጋደመ ነበር። ከበላዩ ሁለት መንጠቆዎች ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል።

በሬውን የሰቀለው ነጋ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በድንበር ጠብ የወንዴን አባት ገድሎ፣ ታስሮ፣ ሲፈታ በሽማግሌ ታርቋል። ወንዴንና ታላቅ ወንድሙን ትዕዛዙን እዚህ ሥራ ያስገባቸው ራሱ ነው። የወረዳው ፖሊስ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም።

ዓይናለም ተንበርክካ የበሬውን ሁለት ቋንጃ አየች። መንጠቆ የሚገባው በጅማቱና በአጥንቱ መካከል ነው።

«ወይዘሮ ሥርጉት፣» አለች የሥጋ ቤቱን ባለቤት፣ «በሬ እንደተሰቀለ መጀመሪያ ሥሩ የሚገባው ማነው?»

«አያ ነጋ ነዋ! ኩላሊቱን ጎትቶ ሳይቀምስ ለማንም አያስነካም። ድመት እንኳ እንደሱ አትቸኩልም።»

«ትዕዛዙስ?»

«ገፎ ሲጨርስ ቆዳውን ይዞ ወጣ። ጩኸት ሰምቶ ሮጦ ገባና አያ ነጋን ‹ቆመሃል እንዴ?› አለው። ደንግጦ ነው መቼም።»

ዓይናለም ወደ እስረኛው ዞረች። «አያ ነጋ፣ ዛሬ ምነው አልቀመስህ?»

«ጽጌን ይዣለሁ። ትናንት ጀመርሁ።»

«የፈቃድ ጾም ነው። ማን ያውቃል?»

«የንስሐ አባቴ ብቻ። ለእነወንዴ አባት ነፍስ ነው የምጾመው። ጾም በአደባባይ ይወራል?» ፊቱን ወደ ወንዴ መለሰ። «ወንዴን ‹ዛሬስ አንተ ቅመስ› አልሁት።»

የሟቹ እናት ወለተሩፋኤል ስትደርስ በሬው ተነሥቶ፣ ልጇ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። ዓይናለም ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«በራሱ የተበጠሰ ጅማት እንደ ቃጫ ይተረተራል። ይህ ግን በሁለቱም እግር ግማሹ በቢላ ተቆርጧል፤ የተበጠሰው ቀሪው ነው። የተቆረጠው በአጥንቱ በኩል ስለሆነ የሰቀለው አያየውም። ቀሪው ጅማት ኩላሊት የሚጎትት ሰው እስኪመጣ በሬውን ይዞ ይቆያል። ቋንጃ ላይ ቢላ የሚያሳርፈው ደግሞ ገፋፊው ነው።»

«ምነው ነጋስ ቢላ የለውም?» አለ ትዕዛዙ። «ወንድሜን ወደ ሥሩ የላከው እሱ!»

«አንተ ውጭ ነበርህ። በሬው ማን ላይ እንደወደቀ ሳታይ፣ ነጋ መቆሙ ምን አስገረመህ?»

ትዕዛዙ ነጠላውን አየ።

«አባቴ አልታረቀም፤» አለ። «ሥሩ የሚገባው ነጋ ነበር። ሁልጊዜ ነጋ ነበር።»

ወለተሩፋኤል የዓይናለምን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ ነጋን ውሰጂልኝ። እሱ እስር ለምዷል። ይኼን ተይልኝ፣ አንድ ነው የቀረኝ።»

«እውነቷን ነው፤» አለ ነጋ። «እኔን ውሰጂኝ።»

ዓይናለም ካቴናውን ከነጋ እጅ ፈትታ ትዕዛዙ እጅ ላይ ቆለፈችው። መኪናው ትዕዛዙን ይዞ ርቆ ጠፋ።

ወለተሩፋኤል የልጇን ራስ በሁለት እጇ አነሣች።

«ነጋ፣ ምነው ቆምህ? ና፣ እግሩን ያዝልኝ። ሌላ ሰው የለኝም።»