የብሎግ ክፍሉ ሁለት መምህራን

«አንተ፣ ከኋላ ያለኸው፣ ስልክህን አስቀምጥ።»

ኡምኩልሱም ይህን ስትል ገና ስሟን እንኳ ለተማሪዎቹ አልነገረችም ነበር። ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የብሎግ አጻጻፍ ኮርስ ሲሰጥ የመጀመሪያው ቀን ነው። ኮርሱ እንዲከፈት ዲኑን ስትጨቀጭቅ የከረመችው ደግሞ እሷው ናት። «ልጆቹ እንደሆነ ስልክ ላይ ሲጽፉ ነው የሚውሉት፤ ታዲያ በደንብ መጻፉን ለምን አናስተምራቸውም?» ስትል፣ ስትል... በመጨረሻ ተፈቀደላት። ደስታው እንቅልፍ ነስቷት ነው ያደረችው።

ከኋላ የተቀመጠው ሰው ቀና አለ። ጠይም፣ ረዘም ያለ፣ ዓይኑ ሳቅ ሳቅ የሚለው ወጣት ነው።

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው። ስምህ ማን ነው?»

«ቡርሃን።»

«እሺ ቡርሃን፣ እንደ ጓደኞችህ ወረቀት አውጣና ዛሬ ጠዋት ያየኸውን ጻፍ።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዳንዱ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ግን ከጎኑ ከተቀመጠችው ልጅ ወረቀት ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ። ሲጨርስ አስነሥታ አስነበበችው።

«ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ባጃጅ ውስጥ ዘላ ስትገባ አየሁ» ብሎ ጀመረ። «‹አቦ ንዳው፣ ዛሬማ ከዘገየሁ አለቀልኝ› ትለዋለች ሾፌሩን። ወደ ሥራ እንዲህ የሚቸኩል ሰው አይቼ አላውቅም። ዲኑ ‹ኮርሱን ከእሷ ጋር አብረህ ታስተምራለህ› ያሉኝ መምህር እሷ መሆኗን ያወቅሁት ግን እዚህ ገብቼ ስልክህን አስቀምጥ ስትለኝ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኡምኩልሱም ፊቷ ጋለ። ለካ ሰውየው ዲኑ አብሯት እንዲያስተምር የመደቡት የኮምፒውተር መምህር ኖሯል!

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው ሲወጡ።

«አነጋገርሽ ደስ ስላለኝ» አላት።

ከዚያን ቀን በኋላ ያ ክፍል የኮሌጁ ወሬ ሆነ። እሱ ገጹን እንዴት እንደሚከፍቱ፣ ፎቶ እንዴት እንደሚጭኑ ያሳያል። እሷ ደግሞ የረዘመውን ዓረፍተ ነገር ታሳጥራለች፣ ያበጠውን ታስተነፍሳለች። መብራት ሲጠፋ ተማሪዎቹን ይዘው ወደ ጫት ተራ ይወርዳሉ፤ «የሰማችሁትን ጻፉ» ይሏቸዋል። አንዱ ስለ አገሩ ስለ መሰላ ገበያ ይጽፋል፣ ሌላው ስለ አባቱ የጭነት መኪና። ከሰዓት ላይ ሁለቱ መምህራን በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አዲስ የተጻፈውን እየተቀባበሉ ያነባሉ።

«ይህችን ስሚ፣ ይህችን ስሚ» ይላታል ቡርሃን ወንበሩን እየሳበ።

«ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ይቀዝቅዝ። እኔ የበረሃው የሚኤሶ ልጅ ነኝ፣ ሙቀቱ ከሆዴ አያልቅም።»

ኡምኩልሱም ትስቃለች። ቤቷ ገብታም ብቻዋን ትስቃለች። «ይህ ነገር ፍቅር ነው እንዴ?» ብላ ራሷን ስትጠይቅ ግን መልሱን ትፈራዋለች... እሱ ምንም ብሏት አያውቅማ።

እንዲህ እያሉ ነበር ኩብራ የጻፈችው። ኩብራ የመቻራ ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ዝምተኛ ተማሪ። ስለ ታላቅ እህቷ ጻፈች። እህቷ ምጥ ይዟት ከመቻራ ወደ ጭሮ ሲያመጧት፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ መንገድ ላይ ያለፈች ናት።

«እህቴ እጄን ይዛ ‹ደረስን?› አለችኝ። ‹ደርሰናል› አልኳት። አልደረስንም ነበር።»

ኡምኩልሱም ይህን ስታነብ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ከገለምሶ እስከ ሐረር ሰው ይቀባበለው ጀመር። «እኔም በዚያ መንገድ እናቴን አጥቻለሁ» የሚል፣ «መንገዱ ይሠራ» የሚል አስተያየት ጎረፈ። ኡምኩልሱም በደስታና በኩራት መቆሚያ አጣች። ዲኑ ግን ቢሮ ጠርተው፣ «ጎበዝ ናችሁ፤ ብቻ ነገር እንዳያመጣብን» አሏት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጽሑፉ ከገጹ ጠፋ።

የገጹ የይለፍ ቃል ያለው ቡርሃን ዘንድ ብቻ ነው። እየሮጠች ኮምፒውተር ክፍል ደረሰች።

«የኩብራ ጽሑፍ የት ሄደ?»

«እኔ ነኝ ያወረድኩት» አላት ቀስ ብሎ።

«ለምን?»

«ምክንያት አለኝ። ግን የእኔ ስላልሆነ ልነግርሽ አልችልም። እመኚኝ።»

«ዲኑ ናቸው አይደል ያዘዙህ? ፈራህ!»

«ኡሙ...»

«ኡሙ አትበለኝ። ልጆቹን እውነት ጻፉ እያልን፣ እውነቱን ስትጽፍ እናጠፋባታለን? እኔ ከፈሪ ጋር አላስተምርም።»

እሷ በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ተከፋፍለው ማስተማር ጀመሩ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ እሷ ግድግዳውን ታያለች። እሱ «ሰላም ዋልሽ» ሲላት እርምጃዋን ታፈጥናለች። ኩብራን ልትጠይቃት ብትፈልግም ልጅቱ ፈቃድ ወስዳ መቻራ ሄዳለች። በመጨረሻ ቡርሃን ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ ሰማች። «ይሂድ!» አለች በአፏ። ሻይ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ግን ፊቷን አዙራ ማለፍ ለመደች።

ኩብራ የተመለሰችው ቡርሃን ጭሮን ለቆ በወጣ ማግስት ነው። ፊቷ በርቶ መጣች።

«ቲቸር፣ ጽሑፌን መልሱልኝ። እናቴ ፈቅዳለች።»

«ምን ማለትሽ ነው? እናትሽ ምን አገባት?»

ኩብራ አንገቷን ደፋች። «እናቴ እህቴ ሆስፒታል ደርሳ፣ ሳትሰቃይ እንደሞተች ነበር የምታውቀው። እንዳይከፋት ብለን እንደዚያ ነገርናት። ጽሑፌ ሲሰራጭ ጎረቤት አንብቦ ሊነግራት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከሰው አፍ ከምትሰማ እኔው ልንገራት ብዬ ቲቸር ቡርሃንን አስወረድኩት። ለማንም እንዳይናገር ወላሂ አስብዬዋለሁ። ለአንቺም ጭምር... በጣም ኮርተሽብኝ ነበር፤ አፈርኩ።»

ኡምኩልሱም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እመኚኝ ሲላት የነበረው ፊቱ መጣባት።

«እናትሽ ምን አለች?»

«አለቀሰች። ከዚያ ‹ልጄ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው፤ እጇን ይዘሽ ነበር› አለችኝ። ስሟን ጨምሪበት ብላኛለች።»

ኡምኩልሱም ብድግ አለች።

«ቡርሃን አሁን የት ነው?»

«ድሬዳዋ ከመግባቱ በፊት ሚኤሶ እናቱ ጋ ይሰነብታል ብለዋል ተማሪዎቹ።»

«ተነሽ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ብርዱ እየቀረ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ኡምኩልሱም የምትለውን ታዘጋጃለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ታዘጋጃለች። ሌላውን መጻፍ የምታስተምር ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር አጣች!

ሚኤሶ ደርሰው ሰው ጠይቀው ቤቱን አገኙት። ቡርሃን ግቢው ውስጥ ለፍየሎች ውኃ እየቀዳ ነበር። ሲያያት ባልዲው ከእጁ ወደቀ።

«ኡሙ?»

«ፈሪ ብዬህ ነበር» አለችው፣ ገና በሩ ላይ ቆማ። «ኩብራ ሁሉንም ነገረችኝ። አንተ የሰው አደራ ጠብቀህ እኔ ሰደብኩህ። አፉ በለኝ።»

«ድሮም አልተቀየምኩሽ።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«በየቀኑ እያየሁሽ እንዳላየሽኝ ስታልፊ... አልቻልኩም። እወድሻለሁ። ስልክህን አስቀምጥ ካልሽኝ ቀን ጀምሮ።»

ኡምኩልሱም ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። የቀረላት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አባቴ ቅዳሜ ቤት ናቸው» አለች።

ቡርሃን ግራ ተጋብቶ አያት። «ደህና አይደሉም እንዴ? አመማቸው?»

ጓዳ ሆነው የሚሰሙት እናቱ ወይዘሮ ሰርካ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰው አስተምራለሁ ትላለህ፣ ይህ አልገባህም? ሽማግሌ ላክ ነው የምትልህ!» ከዚያ እጃቸውን ለኡምኩልሱም ዘረጉ። «ኮቱ ልጄ፣ ግቢ። ፀሐይ ላይ አቆመሽ እኮ።»

ኩብራ በሳቅ ፈነዳች። ቡርሃን ግንባሩን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ኡምኩልሱም እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ቡርሃን ድሬዳዋ ስልክ ደውሎ እንደማይመጣ ነገራቸው። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ጭሮ ደረሱ። አባቷ ሼህ አብዱልቃዲር ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ልጃቸውን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ይህን ቡርሃን የሚሉትን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ፣ አባ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«አደራ የሚጠብቅ ሰው ነው።»

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ሌላ ምን እጠይቃለሁ? አልሐምዱሊላህ።»

ኒካሁ ሲታሰር ከመቻራ የኩብራ እናት ሳይቀሩ መጡ። የልጃቸው ታሪክ ስሟን ይዞ ወደ ገጹ ተመልሷል፤ ሰውም ዛሬ ድረስ ያነበዋል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ግን ሙሽሮቹን አቅፈው በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቋቸው። ቡርሃን አሜን እያለ የሙሽራዋን እጅ ፈልጎ ያዘ። ኡምኩልሱም ሰው ሁሉ እያያት መሆኑን ብታውቅም እጇን አላወጣችም።