አለቃ የሌለበት ስፌት ቤት

«ወዲያ በይ እጅሽን! ይሄ መኪና ከቦታው ንቅንቅ አይልም!»

የጮኸችው እትዬ መቀስ ናት፤ የልብስ ስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጭ። ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ እጇ የእናቷ ስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ እንደገባ ደርቃ ቀረች።

«የእማዬን መነጽር ልወስድ ነው» አለች። «መኪናውንማ በምን ጉልበቴ ልሸከመው?»

እትዬ መቀስ አፈረች። ማፈሯን ለመደበቅ መቀሷን መፈለግ ጀመረች፤ መቀሱ ግን እጇ ላይ ነበር።

እናትየው ከተቀበረች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀሩት ስድስት ሠራተኞች በባዶው መኪና ላይ ሲጨቃጨቁ ነው የከረሙት። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቱ ደመወዛቸውን በልቶ ሲጠፋ በሩን ሰብረው ገቡና ያለ አለቃ መሥራት ቀጠሉ። ሁሉም ካልተስማማ የሚወሰን ነገር የለም። ለክር ቀለም እንኳ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ትናንት አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ «አናርኪዝም» ብሎ ጽፎ «አለቃ የሌለበት፣ ሁሉም እንዳሻው የሚሆንበት ነው» ሲል ልጅቷን ሳቅ አፍኗት ነበር። እንዳሻው? እዚህ ቤት?

«መኪናው የጋራችን ነው» አለ ጋሽ ሜትሮ፤ ሜትሮ ከአንገቱ ወርዶ የማያውቅ አሮጌ ልብስ ሰፊ። «ሌላ ሰው ይቀመጥበት። እሷንና ወንድሟን እኛ እናሳድጋለን። ከእንግዲህ የኛ ልጆች ናቸው።»

«የጋራ ማለት የማንም አይደለም ማለት ነው!» አለች እትዬ መቀስ። «መኪና የሚሠራበት ሰው ንብረት ነው፤ አለቀ። ደግሞ ጋሼ፣ ዛሬ ሰጪ የሆነ ሰው ነገ አለቃ ነው። ያ ደመወዛችንን የበላውም ሰውዬ ሲጀምር ‹ልጆቼ› ነበር የሚለን።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው።»

«እናቷስ ምጽዋት ትወድ ነበር?»

እንደማትወድ ልጅቷ ታውቃለች። ቤት የቀረው ዱቄት ከነገ እንደማያልፍም ታውቃለች፤ ትንሹ ወንድሟ ማታ «ጠግቤያለሁ» ያለው ውሸቱን እንደሆነም።

«እስክትስማሙ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች።

ጋሽ ሜትሮ የሜትሮውን ጫፍ ጠቀለለ፤ መልሶ ፈታው። «እንግዲህ... ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆነን።»

ከሩቅ የትምህርት ቤቱ የከሰዓት መግቢያ ደወል ተሰማ። ልጅቷ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አውርዳ መኪናው ሥር ሸጎጠችው፤ በእጇ የያዘችውን መነጽር ወደ መሳቢያው መለሰችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እግሯ መርገጫውን የነካው በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳሳየቻት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ሞከረች፤ በሦስተኛው ገባላት።

«ማንን ነው የማስፈቅደው?» አለች።

እትዬ መቀስ አንድ እቅፍ የተቆረጠ ጨርቅ አምጥታ ፊቷ ዘረገፈችው።

«ፈቃጅ የለም። የመግቢያ ሰዓት ግን አለ፤ አምስት ሰዓት ሙሉ አርፍደሻል።»